ስትወጡ ቁልፉን ለማን ትሰጣላችሁ?

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በኢትዮጵያ በሴቶች ጉዳይ ሲሠሩ ቆይተው «ዘግተን ቦታውን ለአገሬው ሴቶች እንልቀቅ» ለሚሉ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የቦርድ አባላት
ግልባጭ፦ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን፣ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር

ውድ የቦርድ አባላት፣

እንደምን ከረማችሁ?

ሥራ የጀመርኩት እንደ እናንተ ባለ ድርጅት ውስጥ ነው። ወረዳ ላይ የማኅበረሰብ ውይይት አመቻች ሆኜ ገባሁ፣ በኋላ የፕሮግራም ኃላፊ ሆንኩ። አሁን ደግሞ በአንድ አነስተኛ የሴቶች ማኅበር ውስጥ አለሁ። ገንዘብ ከሚሰጠውም ወገን ከሚጠብቀውም ወገን ሆኜ ነገሩን አይቼዋለሁ።

«እባካችሁ አትሂዱብን» የሚል ደብዳቤ ጠብቃችሁ ከሆነ ይህ እሱ አይደለም። ሂዱ። እንዲያውም ብዙዎቻችሁ መሄድ ከነበረባችሁ ቆይቷል። ጥያቄዬ ስለ አወጣጣችሁ ነው። ቢሮ ዘግቶ መሄድና ለሴቶች ቦታ መልቀቅ ለየቅል ናቸው። እስካሁን ካየኋቸው አወጣጦች አብዛኞቹ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ምክንያቱ በግልጽ እንነጋገር። ገንዘብ አልቆበት የሚዘጋ ድርጅት አለ። አምኖበት የሚዘጋም አለ። ሁለቱም ያለ ነገር ነው። የሚያናድደው የመጀመሪያው ራሱን ሁለተኛውን ሲያስመስል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በአንድ ፊርማ ሲያስቆም ምን እንደሆነ አይተናል። ጤና ሚኒስቴር ብቻውን በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ አድርጓል። በዓመቱ አጋማሽ ላይ የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ፈረሰ። መኪናው ባለበት ቆመ፣ የመስክ ሠራተኛዋ ቤቷ ገባች፣ የተጀመረው ሥልጠና መሃል ላይ ቀረ። እናንተም የምትወጡት በጀት ስለተቆረጠባችሁ ከሆነ በቀጥታ ንገሩን። ሰው ነን፣ እንረዳለን። ቢያንስ ምን እንደቀረ አውቀን ቁጭ ብለን እንመክራለን። በጀት መቆረጡን ግን «የሴቶች አመራር» ብላችሁ አትላኩልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በየስብሰባው «የአገር በቀል የሴቶች ድርጅቶች አቅም ገና ነው» ይባላል። እውነትነት አለው። ለምን ገና እንደሆነ ግን ማንም አያነሳም።

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ውሰዱ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ፣ ጠልፎ የደፈራትን ሰው ገድላ በነፍስ ግድያ የተከሰሰች የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነበር። ልጅቷ ነፃ ወጣች። ያኔ በነበረው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት ይተርፍ ነበር። ማኅበሩ ይህን ለማስቀየር ወተወተ። በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ፣ ባልን የቤተሰቡ ራስ የሚያደርገው አንቀጽም ቀረ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊው በማግባት ማምለጡ አበቃ፣ ግርዛትም በስሙ ተጠርቶ ወንጀል ሆነ። እነዚህ ለውጦች እንዲመጡ ከወተወቱት ግንባር ቀደሞቹ እነዚህ ጠበቆች ነበሩ። ይህን ሁሉ ሲሠሩ «አቅም ገና ነው» ያላቸው አልነበረም።

ከዚያ 2001 ዓ.ም. መጣ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። እዚህ አገር ውስጥ ለሴቶች መብት ብሎ ኪሱን የሚከፍት ባለሀብት ደግሞ ከየት ይምጣ? የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ታገደ፣ አብዛኛው ሠራተኛው ተበተነ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪወጣ ድረስ አሥር ዓመት እንዲህ ተኖረ።

እናንተ በዚያ አሥር ዓመት እዚሁ ነበራችሁ። የውጭ ድርጅት ተብላችሁ ተመዘገባችሁ፣ «መብት» የምትለዋን ነገር ከፕሮፖዛላችሁ አወጣችሁ፣ ውኃና ቁጠባ፣ ጤናና ሥልጠና ላይ ሠራችሁ። አልወቅሳችሁም፣ ሕጉ ነው። ውጤቱን ግን ተመልከቱት። የኛዎቹ ድርጅቶች ኪራይ መክፈል ሲያቅታቸው የእናንተ ቢሮ ፎቅ ጨመረ። ጎበዝ ጎበዝ ሴቶቻችን ደመወዝ ፍለጋ ወደ እናንተ መጡ። እኔም አንዷ ነኝ። ዛሬ መጥታችሁ «የሒሳብ ሠራተኛችሁ ሪፖርቷ ደካማ ነው» ስትሉን፣ ጎበዟ የሒሳብ ሠራተኛ እናንተ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደተቀመጠች አስታውሱ።

አቅም የምትሉት ነገር ራሱም ያነጋግራል። የሴቶች መብት ተሟጋቿ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከአሜሪካ ወደ ከምባታ ሲመለሱ ስለ ኤችአይቪ ሊያስተምሩ ነበር ያሰቡት። የአገሬው ሰው ግን መጀመሪያ ያነሣባቸው ድልድይ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ገበያ መሻገር አልቻለም። ድልድዩን አሠሩላቸው። ሰው ጆሮውን የሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ያቋቋሙት ኬኤምጂ የተባለ ድርጅት በየቀበሌው የማኅበረሰብ ውይይት ዘረጋ። ሁሉም ሴት ልጅ ትገረዝበት በነበረ አካባቢ ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ፣ በእልልታ ተዳረች። ልማዱ በእጅጉ ተዳከመ። እስቲ ያንን ድልድይ በእናንተ ሎግፍሬም (የፕሮጀክት ዕቅድ ሠንጠረዥ) ውስጥ አስገቡት። «ከፕሮጀክቱ ዓላማ ውጭ» ተብሎ ነበር የሚመለሰው። እኔም ኃላፊ በነበርኩ ጊዜ ስንቱን እንዲህ ብዬ እንድመልስ ታዝዣለሁ።

አሁን አንድ የርክክብ ሥነ ሥርዓት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ወረዳ ከተማ ነው፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ። ባነሩ ላይ «ባለቤቶቹ እናንተ ናችሁ» የሚል ተጽፏል። ውኃ በፕላስቲክ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ተረካቢው የሴቶች ማኅበር ነበር። ሊቀመንበሯ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ፈርሙ ተብለው የንብረት ዝርዝር ተሰጣቸው። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መደርደሪያ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተለጥፎበታል። ነዳጅ የሌለው ጄኔሬተር። ባትሪያቸው የሞተ ላፕቶፖች። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉና ገጽ በገጽ አነበቡት። ሲጨርሱ ቀና ብለው «የባንክ ደብተሩስ?» አሉ።

አዳራሹ ዝም አለ። የተረፈው ገንዘብ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተመላሽ ተደርጓል። የፕሮግራም ኃላፊው «እሱ የዶነር፣ የገንዘብ ሰጪዎቹ ሕግ ነው፣ እትዬ» አለ።

«እንግዲያው ወንበሩ ላይ ተቀምጠን ምን እንሥራ?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ፈረሙ፣ ምን ያድርጉ። ቀጥሎ ፎቶ ተነሣን፣ ምሳ ተበላ።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ከሁሉ በፊት ገንዘብ ነው። ያውም የፕሮጀክት ገንዘብ አይደለም። አብዛኞቻችሁ ለክፉ ቀን ያስቀመጣችሁት፣ ማንም ዶነር «ለዚህ ብቻ አውሉት» ያላለው ገንዘብ አላችሁ። ድርጅትን የሚያቆመው እሱ ነው። ፕሮፖዛል ሲወድቅ ኪራይ ይከፍላል፣ ሠራተኛ ያቆያል፣ ጠበቃ ይይዛል። እኛ ጋ የሚደርሰው የዓመት ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሒሳብ ሠራተኛዋ ውል ያልቃል። ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣ «ቋሚ የሒሳብ ሠራተኛ የላችሁም» ተብለን እንወድቃለን። ደግመን እንሞክራለን፣ ደግመን እንወድቃለን።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኢስታንቡል ላይ ትልልቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች ቃል ገብተው ነበር። ከሰብዓዊ ዕርዳታው ገንዘብ 25 በመቶው በተቻለ መጠን በቀጥታ ለየአገሩ ድርጅቶች እንዲደርስ፣ እስከ 2020። 2020 መጥቶ ሄደ። 25 በመቶው አልተደረሰበትም። ከፈራሚዎቹ አንዳንዶቻችሁ ይህን ደብዳቤ እያነበባችሁ ነው።

የአገራችን ሕግ አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። በሰብ ግራንት፣ ከምትቀበሉት ገንዘብ ቀንሳችሁ ስታካፍሉን ለአስተዳደር የምትቆርጡልን ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፣ አንዳንዴም ባዶ። መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ኦዲተር እኛ ጋ በነፃ የሚገኝ ይመስል። ከእናንተ የኦቨርሄድ (የአስተዳደር ወጪ) መቶኛ እኩል ለኛም ይታሰብ። ይህን ለማድረግ ደግሞ መዝጋታችሁን መጠበቅ አያስፈልግም፣ ከሚቀጥለው ስምምነት ይጀምር።

«ገንዘቡን ለስንቱ ትንንሽ ማኅበር እናከፋፍላለን?» ትሉ ይሆናል። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። መንገዱ ግን አዲስ አይደለም። አክራ የሚገኘው የአፍሪካ ሴቶች ልማት ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2000 በሦስት አፍሪካውያን ሴቶች ተመሥርቶ ለሴቶች ድርጅቶች ገንዘብ ሲያከፋፍል ኖሯል። ዶነር ገንዘቡን እዚያ ያስገባል፣ ሒሳቡም በወጉ ኦዲት ይደረጋል። እንዲህ ያለ ቋት እዚህም ሊቋቋም ይችላል። የመዝጊያ ገንዘባችሁ ከመነሻው አንዱ ቢሆን ምን ይላችኋል?

ዋና መሥሪያ ቤታችንን ወደ አፍሪካ አዛወርን የምትሉም አላችሁ። አክሽን ኤይድ ጆሃንስበርግ፣ ኦክስፋም ናይሮቢ ገብተዋል። ደግ አደረጉ። ናይሮቢ ግን ለከምባታዋ ዱራሜ ሩቅ ነው።

ስለ መኪናው በአጭሩ። «ሃርድ ቶፑን ትተንላችሁ እንሄዳለን» ትላላችሁ። እግዜር ይስጥልን። ግን ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና እንደ ወንበር አይሰጥም። የጉምሩክ ፈቃድ አለው። ተቀባዩ ከቀረጥ ነፃ መብቱ ከሌለው ቀረጡ ይከፈላል፣ እሱ ደግሞ የኛን ዓይነት ማኅበር የዓመት በጀት ይበልጣል። ይህን ሳትጨርሱ ቁልፉን ብቻ ብትሰጡን ግቢያችን ውስጥ ዝናብ ይመታዋል። የኛ ሴቶች በባጃጅም በሞተርም ይደርሳሉ። መኪናውን ሸጣችሁ ብሩን ማስተላለፍ የሚቻልበት መንገድ ካለ እሱን ጨርሱልን።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበኝን ልናገር። ፋይሎቹን።

የሕግ ድጋፍ ወይም የመጠለያ ሥራ የሠራ ሁሉ ያንን ካቢኔ ያውቀዋል። ቁልፉ አንዲት ሴት ጋ ነው። ውስጡ በክላሰር የታሰሩ ቅጾች አሉ። ስሟ፣ ቀበሌዋ፣ ማን ምን እንዳደረጋት፣ የሆስፒታል ወረቀቷ፣ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቷ፣ የልጇ ስም። አንዳንዷ እናቷ እንኳ የማታውቀውን ለአንዲት አማካሪ ተናግራ የተጻፈ ነው። ቢሮ ሲዘጋ እነዚህ ፋይሎች የት ይሄዳሉ? ስቶር ውስጥ ከአሮጌ ባነር ጋር ሲጣሉ አይቻለሁ። «ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አስረክበናል» ተብሎ ሲጻፍም አይቻለሁ። ወረዳ ላይ ሁሉም ዘመድ ነው። ያ «የሚመለከተው አካል» የደፋሪው አጎት የሚሠራበት ቢሮ ሊሆን ይችላል። ስካን ተደርገው እናንተ አገር ኮምፒውተር ላይ የተቀመጡም አሉ። ከዘጋችሁ በኋላ ያንን ኮምፒውተር ማን ይጠብቀዋል?

የምንጠይቀው ይህ ነው። እያንዳንዷ ሴት በያለችበት ትጠየቅ። ፋይሌ ይተላለፍልኝ ካለች ለመረጠችው ይተላለፍ። ይጥፋልኝ ካለች ይጥፋ፣ በምስክር ፊት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ያለ ከሆነ ከጠበቃዋ ጋር ተመክሮ ይወሰን። ጊዜ ይወስዳል፣ ገንዘብም ይፈልጋል። በመዝጊያ በጀታችሁ ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው።

መጠለያም እንደዚያው ነው። እዚያ ያለች ሴት የፕሮጀክቱ ማብቂያ ቀን መቼ እንደሆነ አታውቅም። ልጆቿን ይዛ ነው የመጣችው። በዚህ ሥራ ከእናንተ የበለጠ ልምድ ያላቸው እዚሁ አሉ። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ለዓመታት ሴቶችን ከነልጆቻቸው ሲቀበል፣ ሲያማክር፣ ሙያ ሲያስተምር ኖሯል። መጠለያ ያላችሁ ሁሉ በር ከመዝጋታችሁ በፊት እንዲህ ዓይነቶቹን ሄዳችሁ አማክሩ።

ከፋይሉ ሳንወጣ፣ ፎቶዎቻችንስ? በየድረ ገጻችሁና በየብሮሹራችሁ የእናቶቻችን ፊት አለ። የልጆቻችንም። ያኔ «እሺ» ያለችው ሴት ለምን እንደሆነ በውል ተነግሯት ይሁን አይሁን እናንተም እኔም እናውቃለን። ድርጅቱ ሲዘጋ ፎቶዎቹም ይውረዱ። ኮፒውን ለባለቤቶቹ ስጡ። የልጅነት ፎቶዋን ከእናንተ ብሮሹር በቀር የትም የሌላት ወጣት አውቃለሁ።

ስለ ሠራተኞች ብዙ አልልም፣ ሕጉ ተጽፏል። ድርጅት ሲዘጋ የስንብት ክፍያ እንዳለ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይናገራል፣ የቢሮ ሠራተኞቻችሁም መብታቸውን ያውቃሉ። ሕጉ የማይደርስላቸው ግን በየቀበሌው ያሉት ናቸው። በእናንተ ወረቀት «በጎ ፈቃደኛ» ይባላሉ። ቤት ለቤት የሚዞሩት፣ የተደፈረችን ልጅ በሌሊት ጤና ጣቢያ የሚያደርሱት፣ የባልየው ቤተሰብ የሚዝትባቸው እነሱ ናቸው። አበል እንጂ ደመወዝ የላቸውም፣ ስለዚህ ስንብትም የላቸውም። እናንተ ስትሄዱ ዛቻው አብሯችሁ አይሄድም። ለእነሱ የሚሆን ነገር አስቡ። ቢያንስ ቢያንስ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፉላቸው፣ ማኅተም ያለበት።

ደብዳቤ ካልኩ አይቀር፣ ለማኅበራቱም እንዲሁ። ዶነሮች «ይህን ያህል በጀት ያስተዳደረበትን ማስረጃ ያያይዝ» ይላሉ። እኛ ሥራውን ሠርተን ሪፖርቱ የወጣው በእናንተ ሎጎ ነው። ስለዚህ በወረቀት ዓለም እኛ ምንም አልሠራንም። የትኛውን ወረዳ፣ በየትኛው ዓመት፣ በስንት ብር እንደሠራን የሚገልጽ ማስረጃ ከነኦዲት ሪፖርቱ ስጡን። ለእናንተ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለኛ የሚቀጥለውን በር የሚከፍተው እሱ ነው።

ወደ «ለማን» እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ትስታላችሁ።

ካንትሪ ዳይሬክተራችሁ ቢሮው ከመዘጋቱ ጥቂት ወራት በፊት ያስመዘገበው «አገር በቀል» ድርጅት የሴቶች አመራር አይደለም። ያው ቢሮ፣ ያው ሰው፣ ያው መኪና፣ ታፔላው ብቻ ተቀይሮ። ከላይ እስከ ታች ወንዶች ያሉበት፣ አንዲት ጄንደር ፎካል ፐርሰን (የሥርዓተ ጾታ ተጠሪ) ጥግ ላይ ያስቀመጠ ድርጅትም አይደለም። አዲስ አበባ ያለን ተናጋሪዎቹ ሴቶችም ብንሆን እንጠንቀቅ። እንግሊዝኛችን ጥሩ ነው፣ በየወርክሾፑ እንታያለን፣ እናንተም ታውቁናላችሁ። ለሐመርና ለጉጂ ሴት ግን እኛም እንግዶች ነን።

እውነተኞቹን ለማግኘት የቁጠባ ቡድን የሚሰበሰብበት ቀን ሂዱ። የብረት ሳጥኑ ሦስት ጓጉንቸር አለው። ሦስቱ ቁልፎች ሦስት የተለያዩ ሴቶች ጋ ናቸው። ሳጥኑን ቤቷ የምታሳድረው አራተኛዋ ቁልፍ የላትም። ሁሉም ካልመጡ አይከፈትም። ሲከፈት ብሩ በሁሉም ፊት ይቆጠራል፣ የዘገየች ትቀጣለች፣ ብድር የጠየቀች ምክንያቷን ቆማ ትናገራለች። ኬር የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ ማራዲ ላይ ከሴቶች ጋር የጀመረው ዘዴ ነው፣ እኛ ጋም ሥር ሰዷል። የጀመረው ድርጅት ሥራውን ዘግቶ ከሄደ በኋላም ሳጥኑ በቀኑ የሚከፈትባቸው መንደሮች አሉ። እዚያ መዝገብ የያዘችውን ሴት ማን ናት ብላችሁ ጠይቁ። በየእድሩ ዳኛ ሆነው የሚያስታርቁትን ጠይቁ።

ዲግሪ የላትም ብላችሁ ደግሞ እንዳታልፏት። በፊስቱላ ታመው አዲስ አበባ ለሕክምና የመጡት ማሚቱ ጋሼ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ በእጃቸው ሙያ ቀዶ ሐኪሞችን አሠልጥነዋል። ያን ዕድል የሰጣቸው «መጀመሪያ ሰርተፍኬት አምጪ» የሚል ሰው አልነበረም።

የኛንም ጉድ አልሸሽግም። እኛም ጋ ከመሥራችነት ወንበር አልነሣም ያለች አለች። ጠቅላላ ጉባኤ ለይስሙላ የሚጠራ ማኅበር አለ፣ ቦርዱ እህትና ጓደኛ የሆነበትም አለ። ስትጠይቁ ጥሩ ነው። ቃለ ጉባኤ አሳዩን በሉ። መጨረሻ ምርጫ የተደረገው መቼ ነው በሉ። መተዳደሪያ ደንባችንን ግን እናንተ አትጻፉልን። በእናንተ አማካሪ የተጻፈ ደንብ የሚነበበው ኦዲተር ሲመጣ ብቻ ነው።

የሪፖርቱም ቋንቋ ይታሰብበት። ከሴቶቹ ጋር ቀን ሙሉ በሲዳምኛ ወይም በኦሮምኛ ስትሠራ የዋለች ኃላፊ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ስትገጣጥም ታድራለች። ካልሆነላት ወንድ ጸሐፊ ይቀጠርላታል። ከዓመት በኋላ ከዶነር ጋር የሚጻጻፈው እሱ ነው፣ ውሳኔውም ወደ እሱ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ አመራር ከእጇ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። በአካባቢው የሥራ ቋንቋ ተቀበሉን፣ ካስፈለገም በድምፅ። ትርጉሙን እናንተ አስተርጉሙ፣ ገንዘቡ ያለው እናንተ ጋ ነው።

ጊዜውንም አታጣድፉት። አምናችሁበት የምትዘጉ ከሆነ የሚያባርራችሁ የለም። ቀኑን ቁረጡ፣ በአደባባይ ተናገሩ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ውሰዱ። በመጀመሪያው ዓመት የባንክ ፊርማውን በጋራ አድርጉት። በሁለተኛው ውሳኔውን ለኛ ትታችሁ አጠገባችን ሁኑ። በሦስተኛው ዶነሮቻችሁን አንድ በአንድ አስተዋውቁን፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከእነሱ ጋር ጻፉ» ብላችሁ በስማችን ደብዳቤ ጻፉ። መዝጊያውን የሚመራ ኮሚቴ ስታቋቁሙም ከአባላቱ ግማሾቹ ከዚህ ይሁኑ፣ ድምፅም ይኑራቸው። ለአስተያየት ብቻ መጠራቱ ሰልችቶናል።

ለባለሥልጣኑና ለሚኒስቴሩ በግልባጭ የላክኩበት ምክንያትም አለ። አንድ ድርጅት እዘጋለሁ ብሎ ሲያመለክት የንብረቱን ዝርዝር ብቻ አትመልከቱ። የተረዱት ሴቶች ፋይል የት እንደሚሄድ፣ በመጠለያ ያሉት ማን ጋ እንደሚያድሩ ጠይቁ። የሴቶች ማኅበራት ሲረከቡ የቀረጡን ጉዳይ የሚያቃልል መንገድ ካለም አሳዩን። የምዝገባ ወረፋውንም እንዲሁ። ከገጠር ወረዳ ተነሥታ አዲስ አበባ ድረስ የምትመላለስ ሊቀመንበር የትራንስፖርቱንና የአልጋውን የምትከፍለው ከቁጠባ ሳጥኑ ነው።

እንግዲህ ከቀጣዩ የቦርድ ስብሰባችሁ በፊት የመዝጊያ ዕቅዳችሁን ረቂቅ ከነበጀቱ ላኩልን። አንብበን፣ ተወያይተን፣ ጽፈን እንመልሳለን። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በከምባትኛ ሊሆን ይችላል። ስብሰባ የምትጠሩን ከሆነም ወረዳ ድረስ ኑ እንጂ አዲስ አበባ ሆቴል አትጥሩን። ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ ደውላችሁ ጠይቁ። በገበያ ቀን ከጠራችሁ የሚመጡላችሁ ወንዶቹ ብቻ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአንዲት የሴቶች ማኅበር ባልደረባ